መልስ፦ በንድፉ የሚደነቀው የድሮ የፊልም ካሜራ የትኛው ነው?

ከድሮዎቹ የፊልም ካሜራዎች በንድፉ የሚደነቀው የትኛው እንደሆነ ለጠየቁት፣ ብዙዎች እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣውን ላይካ ኤም3 ቢያስቀድሙም፣ እኔ ግን እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውን ኦሊምፐስ ኤክስኤ እመርጣለሁ። ጃፓናዊው ንድፍ አውጪ ዮሺሂሳ ማይታኒ ካሜራው ያለ ማኅደር ኪስ እንዲገባ ስለፈለጉ፣ የሌንስ ክዳኑን አስቀርተው በምትኩ በጎን የሚንሸራተት ሽፋን ሠሩለት፤ ሽፋኑ ሲከፈት ሌንሱና የዕይታ መስኮቱ አብረው ይገለጣሉ፣ ሲዘጋ ግን ፎቶ ማንሳት አይቻልም። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ከውጭ የማይታየው ነው። ርቀት ሲስተካከል የሚንቀሳቀሰው የሌንሱ የውስጥ ክፍል ብቻ በመሆኑ፣ ባለ 35 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ወደ ፊት ሳይወጣ ከሽፋኑ ሥር ይቀራል። ቀዩዋ የማንሻ ቁልፍም ከገጹ ጋር እኩል ተቀምጣ ለቀላል ንክኪ ትታዘዛለች። ለእኔ ውበቱ ከዚህ የመነጨ እንጂ ለጌጥ የተጨመረ አይደለም።