የብረት ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት፦ የማታው ጥያቄና መልስ

መምህር፦ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት አለሁ። ማግኔታይት፣ ማለትም ማግኔት የሚስበውን ጥቁር ብረት ኦክሳይድ፣ በናኖሜትር (በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) በሚለካ ቅንጣት መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያውን ዓመት ግን ሳላውቅ ዝገት ነው የሠራሁት። ስለዚህ አትፈሩ፣ ጠይቁ። «አልሠራልኝም» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን አልመልስለትም። ምን እንደመዘናችሁ፣ ምን ቀለም እንዳያችሁ ጻፉ።

ብርሌ፦ ሰላም መምህር። 5.41 ግራም ፌሪክ ክሎራይድ፣ 1.99 ግራም ፌረስ ክሎራይድ፣ ከዚያ አሞኒያ ጠብ ጠብ አደረግኩ። ጥቁር መሆን ሲገባው ቡናማ ሆነብኝ። ማግኔቱም እምብዛም አይስበውም።

መምህር፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው! ሚዛንህ ልክ ነው። 0.02 ሞል ፌሪክ፣ 0.01 ሞል ፌረስ፣ 2 ለ 1። ማግኔታይት የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ግን ሚዛን ስንት እንዳስገባህ እንጂ ምን እንዳስገባህ አይነግርህም። ፌረስና ፌሪክ የብረት ሁለት መልኮች ናቸው፤ ፌረስ አየር ካገኘ ፌሪክ ይሆናል። የጠርሙሱ ክዳን ላልቶ ከርሞ ግማሹ ከተለወጠ፣ 2 ለ 1 ያልከው 5 ለ 1 ሆኖ ቁጭ ብሏል። ትርፉ ፌሪክ ቡናማ ጭቃ ይሆንብሃል።

ከፌረሱ ትንሽ በማንኪያ አውጣና ነጭ ወረቀት ላይ አድርገው። ጤነኛው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ቢጫ ወይም ቡናማ ካየህ ተወው። «ትንሽ ብቻ ነው ቢጫ የሆነው» አትበለኝ።

አዲስ መግዣ ከሌለህ የሞር ጨው ፈልግ፤ ፌረስ አሞኒየም ሰልፌት ማለት ነው። አየርን ከፌረስ ክሎራይድ በተሻለ ይችላል። ለታይትሬሽን፣ ማለትም የውህድ መጠን በጠብታ ለመለካት፣ ስለሚፈለግ ብዙ የኬሚስትሪ ላብ መደርደሪያ ላይ አይጠፋም። በ1.99 ግራሙ ፈንታ 3.92 ግራም መዝን። እኔ ከዝገቱ ዓመት የወጣሁት በእሱ ነው።

ውሃውን ደግሞ አፍላውና አየሩ እንዲወጣ ናይትሮጅን እያስነፈስክበት አቀዝቅዘው። ናይትሮጅን! ዛሬ ስንቴ እንደምለው ቁጠሩ።

ሰሚራ፦ እኔ የማነበው አሠራር ውሃውን 95 ዲግሪ አድርሱ ይላል። የእኔ 92 ላይ ይፈላና ፈቀቅ አልልም ይላል። ቴርሞሜትሬ ተበላሽቶ ይሆን?

መምህር፦ አዲስ አበባ ነሽ?

ሰሚራ፦ አዎ።

መምህር፦ ቴርሞሜትርሽ ደህና ነው። ከፍታው ነው፤ እዚያ ውሃ ቀድሞ ይፈላል። 80 ላይ ሥሪው፣ ይበቃል።

የላብ ቁራኛ፦ ናኖ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መምህር፦ ምን መሣሪያ አለህ?

የላብ ቁራኛ፦ በአጠቃላይ ማለቴ ነው።

መምህር፦ በአጠቃላይ አይታወቅም። ቀጣይ።

ሰሚራ፦ እኔ ኤክስ አር ዲ (ክሪስታልን በኤክስሬይ የሚመረምር መሣሪያ) አለኝ። ከመስመሩ ስፋት የክሪስታሉን መጠን በሚያሰላው በሼረር ቀመር 0.18 ናኖሜትር ወጣልኝ። አማካሪዬ በጣም ትንሽ ነው አሉኝ።

መምህር፦ አማካሪሽ ጨዋ ሰው ናቸው። የማግኔታይት አንዱ የክሪስታል ክፍል ራሱ 0.84 ናኖሜትር ነው። ከጡቡ ያነሰ ቤት ሠርተሻል ማለት ነው። የመስመሩ ስፋት ስንት ነበር?

ሰሚራ፦ 35.5 ዲግሪ ላይ ያለው ትልቁ፣ 0.8።

መምህር፦ 0.8 ዲግሪ። ወደ ራዲያን አልቀየርሽውም! 0.014 ይሆናል። አሁን 0.9ን በኤክስሬዩ የሞገድ ርዝመት፣ በ0.15406 ናኖሜትር፣ አባዢ፣ ለ0.014 እና ለ17.75 ዲግሪ (የ35.5 ግማሽ) ኮሳይን አካፍዪ። 10 ናኖሜትር ገደማ ይመጣል። ደስ የሚል መጠን ነው። ማሽኑ ራሱ መስመሩን ትንሽ ያሰፋዋል፣ እሱን ካልቀነስሽ ከእውነቱ አንሶ ይታይሻል። ደግሞ ይህ የክሪስታሉ መጠን እንጂ የተጣበቀው ጓል መጠን አይደለም።

ኤክስሬይ፦ ይቅርታ መምህር፣ ግን በኤክስ አር ዲ ማግኔታይት ነው ማለት አትችልም። ማግሄማይትም፣ ብረቱ ሁሉ ፌሪክ የሆነው የማግኔታይት ዘመድ፣ መስመሩ እዚያው ነው።

የላብ ቁራኛ፦ ህትመቱ ሁሉ ይላል እኮ።

ኤክስሬይ፦ ህትመቱ ሁሉ ይሳሳታል። የክሪስታል ክፍላቸው 8.396 እና 8.346 አንግስትሮም (የናኖሜትር አሥረኛ) ነው፤ ልዩነታቸው ይኸው ነው። በ10 ናኖሜትር ሰፊ መስመር ያንን ትለያለህ? ፌረስና ፌሪክን የሚለየው የሞስባወር መለኪያ ያስፈልጋል።

የላብ ቁራኛ፦ ሞስባወር የት አለና? እኔ ለተራ መለኪያ እንኳ ናሙና ውጭ ልኬ ወራት ጠብቄያለሁ። ሲደርስ ቡናማ ሆኗል አሉኝ።

ኤክስሬይ፦ በደረቁ ነዋ የላክከው!

መምህር፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ወደ ጥያቄው ተመለሱ። ሞስባወር የሌለው ሰው «ማግኔታይት ወይም ማግሄማይት» ብሎ ይጻፍ። አያሳፍርም። ካላስፈለገም አታድርቁ። ስታደርቁት አየር ይገባል፣ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ደረቁ ዱቄት ደግሞ ይቦናል፣ በአፍንጫ ይገባል። ማስክ።

ዝዋይ ዳር፦ የእኛ ሰፈር ውሃ ፍሎራይድ አለበት፤ የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ነው። ይህ ቅንጣት ያጠራልናል?

ብርሌ፦ የአጥንት ከሰል አለ አይደል?

ኤክስሬይ፦ የአጥንት ከሰል ቶሎ ይጠግባል፣ ማን ይቀይረዋል? ማግኔት ግን ቅንጣቱን መልሶ ይሰበስበዋል።

ዝዋይ ዳር፦ አጥንት ነው ሲባል የማይጠጡም አሉ።

መምህር፦ ባዶ ብረት ኦክሳይድ ላይ ተስፋ አታድርግ። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ብዙውን ጊዜ 8 አካባቢ ነው። እዚያ ላይ የቅንጣቱ ገጽ ኔጋቲቭ ወደ መሆን ይሄዳል፣ ፍሎራይዱም ኔጋቲቭ ነው፤ ይገፋፋሉ። ውሃው ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ደግሞ ቦታውን ይሻማል። ላብ ውስጥ በተጣራ ውሃ 90 በመቶ አነሳ የሚል ጽሑፍ ስታነብ፣ ውሃው የማን ነበር ብለህ ጠይቅ። ፍሎራይድን በተሻለ የሚይዘው አሉሚኒየም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። መጀመሪያ አስለካ።

ሽፈራው፦ መምህር፣ በቅጠል መሥራትስ? እኔ በሽፈራው ቅጠል ጭማቂ ፌሪክ ክሎራይድ ላይ ጨመርኩ፣ ወዲያው ጥቁር ሆነ። ናኖ ነው አይደል?

መምህር፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሻይ አፍላና የዛገ ሚስማር ጣልበት፣ እደር፣ ጠዋት እየው። ጥቁር ነው። ናኖ ማግኔታይት ሠራህ? አልሠራህም፤ ቀለም ነው የሠራኸው። የቅጠሉ ፖሊፌኖል (እንደ ሻይ ታኒን ያለው) ብረቱን ሲይዘው ይጠቁራል። ሌላ ምንም አልሆነም። ፌረስ ያልገባበት፣ እንደ አሞኒያ ያለ ቤዝ ያልነካው፣ ከየት መጥቶ ነው ማግኔታይት የሚሆነው? ቅጠሉ ከፊሉን ፌሪክ ወደ ፌረስ ይለውጠው ይሆናል፣ እሺ። ያንን ግን አሳየኝ። ጥቁረት ማስረጃ አይደለም። ማግኔት አስጠጋበት። አልተንቀሳቀሰም? ኤክስ አር ዲ አስነሳው። የክሪስታል መስመር የለም፣ ጉብታ ብቻ ነው? እንግዲህ ርዕሱን ቀይር።

ቅጠል አልጠላም። በትክክል የተሠራውን ማግኔታይት በቅጠል ጭማቂ መሸፈን ጥሩ ሥራ ነው። ቅደም ተከተሉ ነው ነገሩ።

ሽፈራው፦ ማግኔት አላስጠጋሁም።

መምህር፦ አስጠጋ።

ብርሌ፦ ለካንሰርስ ይጠቅማል ይባላል?

መምህር፦ በላብ የሠራኸውን ወደ ሰው ደም እንዳታስብ። ፌሩሞክሲቶል የሚባል የብረት ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት አለ፤ በ2009 አሜሪካ የኩላሊት ሕመምተኞችን የደም ማነስ እንዲያክም ተፈቅዷል። እሱ የፋብሪካ መድኃኒት ነው። ሌላውን ሐኪም ጠይቅ።

እንግዳ7፦ ጤና ይስጥልኝ። ዱቄቴ ቡናማ ሆነ፣ ለምን ይሆን?

መምህር፦ ከላይ አንብቢ።

እንግዳ7፦ አንብቤአለሁ፣ ናይትሮጅንም አስነፍሼ ነበር። ሚዛኑም ያው ነው።

መምህር፦ የፌረሱን ጠርሙስ ፎቶ ላኪ። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ውስጡ እንዲታይ።

እንግዳ7፦ ላክሁ። የተከፈተበት ቀን ላዩ ላይ ተጽፏል፣ 2011 ዓ.ም ይላል።

መምህር፦ ውስጡ ምን ይመስልሻል?

እንግዳ7፦ ቢጫ።

መምህር፦ የሞር ጨው። 3.92 ግራም። ነገ ንገሪኝ።