ተከታይ ስንት ሲሆን ይበቃል?

ሰሞኑን ሥራ ከጀመረች ብዙም ያልቆየች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ «የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻችን ተከታይ ስንት ሲደርስ ነው ተሳካልን የምንለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁጥር ልነግራት አልቻልኩም። ጥያቄዋ ግን አንድ የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝ።

በወጣትነቴ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። መጻሕፍት በድምፅ የተቀዱባቸው ካሴቶች፣ ማጫወቻና የጆሮ ማዳመጫ ነበሩባት። ለዓይነ ስውራን አንባቢዎች የተዘጋጀች ናት። የሚያነቡት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። አንዱ ጉንፋን ይዞት የቀዳው ካሴት ትዝ ይለኛል። በየገጹ ያስነጥሳል፣ «ይቅርታ» ይላል፣ ይቀጥላል። ያንን የሚቆርጥ ሰው አልነበረም።

ክፍሏ ሰው አይገባባትም ነበር። ማስታወቂያ አልወጣም እንዳትሉ፣ ወጥቷል። በነጭ ወረቀት፣ በደማቅ ጥቁር ቀለም ተጽፎ፣ መግቢያው አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ለማያይ ሰው ወረቀት! ያውም ቤተ መጻሕፍት ረግጦ ለማያውቅ ሰው፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ።

በኋላ አለቆች መዝገቡን አዩ፤ ተጠቃሚ የለም። ክፍሏ ተዘጋች። ካሴቶቹ በካርቶን ታሽገው መጋዘን ገቡ። ብዙም ሳይቆይ አንድ አባት የልጁን እጅ ይዞ መጣ። ከሰው ሰው ሰምተው ነው። አባትየው ገና ሊያስረዳኝ ሲጀምር ልጁ ወደ ድምፄ ዞሮ «የታሪክ አለ?» አለኝ። ነበረ፤ የታሪክ መዓት። የመጋዘኑ ኃላፊ ግን ከላይ ፈቃድ ካልመጣ አልከፍትም አለ። ሄዱ። ተመልሰውም አልመጡ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ተከታይ ሲባል እኔ የማስበው ያንን ልጅ ነው። ገጻችሁን የሚከተለው አብዛኛው ሰው ድሮም የቤተ መጻሕፍታችሁን በር ያውቃል። የምትፈልጉት ሰው ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ የወላጆች ግሩፕ ውስጥ፣ የሥራ ፈላጊዎች ቴሌግራም ላይ፣ የዓይነ ስውራን ማኅበር ገጽ ላይ። እዚያ ያለ አንድ ሰው ሼር ቢያደርግላችሁ ከላይክ ክምር ይበልጣል። አዲስ ካርድ ለሚያወጣ ሰው በሚሞላው ቅጽ ላይ «ስለ እኛ ከየት ሰሙ?» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩ። ከገጹ ስታቲስቲክስ ይልቅ እሷ እውነቱን ትነግራችኋለች።

ደግሞ የዛሬ ልጆች ፖስተር ትወዳላችሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ሁሉ ምስሉ ውስጥ ትከቱና ከሥሩ «እንዳያመልጣችሁ!» ብላችሁ የእሳት ምልክት ትደረድራላችሁ። የዓይነ ስውር ሰው ስልክ ጽሑፍ በድምፅ ያነባል፤ ምስል ውስጥ የተቀበረውን ግን ብዙ ጊዜ አስተካክሎ አያነበውም። ፌስቡክም ኢንስታግራምም የምስል መግለጫ መጻፊያ ቦታ አላቸው። ሙሉት። ቀኑንና ሰዓቱንም በጽሑፍ ድገሙት። አለዚያ እኛ ግድግዳ ላይ የለጠፍነውን እናንተ ስልክ ላይ ለጠፋችሁት ማለት ነው።

የቲክቶክ ዳንስ አይጥመኝም። መደርደሪያ መሃል ሲወዛወዙ አይቶ መጽሐፍ የተዋሰ ሰው ካለ አሳዩኝ። ግን ልዋሽ አልችልም፤ በሰሜን ስኮትላንድ ያለው የኦርክኒ ደሴቶች ቤተ መጻሕፍት ትዊተር (የዛሬው ኤክስ) ላይ በቀልዱ ከደሴቶቹ ነዋሪ የሚበልጥ ተከታይ አፍርቶ ነበር። ከጎረቤቱ ከሼትላንድ ቤተ መጻሕፍት ጋር ሲነቋቆር እኔም ስቄአለሁ። እንግዲህ ቀልድ የሚችል ይቀልድ። የማይችል ግን፣ እባካችሁ፣ ይተወው።

ይበልጥ የምወደው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሙሉ ልቦለዶችን በኢንስታግራም ስቶሪ ገጽ በገጽ አወጣ። አንባቢው አውራ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ያሳርፋል፣ ገጹ ይቆምለታል። ሲያነሣ ይገለጣል። «ኑና አንብቡ» ከማለት እዚያው ማስነበብ ይሻላል።

ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ መለጠፍ፣ ማን ምን እንደተዋሰ ማውራት ነውር መሆኑን አልነግራችሁም፤ ታውቃላችሁ።

ኮሜንትን ግን ብዙዎቻችሁ ትንቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ3,000 በላይ የቆዩ ፎቶዎችን ፍሊከር በሚባለው የፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ሲያወጣ ተመልካቹ ዝም ብሎ አላለፈም። ይህ ሰው እገሌ ነው፣ ይህ ሕንጻ እዚህ ቦታ ነው እያለ ጻፈ። ባለሙያዎቹ እያጣሩ መዝገባቸውን አረሙበት። የእናንተ ገጽ ላይ ደግሞ «እሑድ ትከፍታላችሁ?» ያለ ሰው ሳምንት ሙሉ መልስ ይጠብቃል። ኮሜንትና ኢንቦክስ የሚመልስ ሰው እንደ መረጃ ዴስኩ በተራ መድቡ። የይለፍ ቃሉንም ቢያንስ ሁለት ሰው ይያዘው፤ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ዕረፍት በወጣ ቁጥር ገጹ አብሮት እንዳይወጣ።