የግራው ታንክ

ሰሞኑን አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ሳለ አብራሪነት የሚማር አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ነዳጅ እያለ ሞተር እንዴት ይጠፋል?» ብሎ ጠየቀኝ። አስረድቼው ተለያየን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ የነገርኩት ግማሹን ብቻ ነበርና።

በወጣትነቴ የማበርረው ፓይፐር ቼሮኪ ነበር። ክንፉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነዳጁ ክንፉ ከላይ እንዳለው እንደ ሴስና 172 አውሮፕላን በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ አይወርድም፤ ፓምፕ ይስበዋል። የነዳጅ ታንክ መምረጫው እጀታም ግራ ወይም ቀኝ እንጂ «ሁለቱም» የሚል ቦታ የለውም።

ያን ቀን ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ግማሽ ብቻ በነበረው የግራ ታንክ ነው። ሐዋሳ አርፌ አንድ ሽማግሌ ይዤ ስመለስም እጀታውን አልነካሁትም። ሽማግሌው በልጅነታቸው ሻላ ዳር ከብት ጠብቀዋል። ሐይቁ ሲታያቸው ፊታቸው ፈካ፤ ጣታቸውን መስኮቱ ላይ ለጥፈው መንደራቸውን ሲያሳዩኝ እኔም ሰዓቴን ረሳሁ። ሞተሩን ሁለት ጊዜ ትን አለውና ጸጥ አለ። ፕሮፔለሩ በነፋስ ብቻ ይዞራል፤ ከበታቻችን 266 ሜትር የሚጠልቀው ሻላ ተኝቷል። ሽማግሌው ጣታቸውን ሳያነሡ «ምነው ልጄ?» አሉኝ። እጀታውን ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ረዳቱን የኤሌክትሪክ ፓምፕ አበራሁ። ሞተሩ እስኪነሣ የቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ለእኔ ግን ዛሬም አላለቀም።

የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። ስንደርስ «ነዳጁ ውስጥ ውሃ ነበር» አልኩ። ግማሽ ባዶ ሆኖ ባደረ ታንክ ውስጥ እርጥበት ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ውሃው ከቤንዚኑ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል። ስለዚህ አመኑኝ። ያን ማለዳ ከሁለቱም ታንኮች ሥር በብርጭቆ ቀድቶ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያሳየኝ መካኒክ ተወቀሰ። ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ ነዳጅ ነበር። አይቼዋለሁ። እርሱም ማየቴን ያውቃል፤ አንድ ቃል ሳይናገር ትክ ብሎ አየኝ።

እናንተ በየግማሽ ሰዓቱ ታንክ ቀይሩ፤ የቀየራችሁበትንም ሰዓት ጻፉ። ፓምፑን ቀድማችሁ አብሩ። ልትነሡ ስትሉ ሞተሩን ወዳልሞከራችሁበት ታንክ አትዙሩ። መለኪያውን ብቻ አትመኑ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ በዘንግ ለኩ። የዛሬ ልጆች ስክሪን ያለውን ሁሉ ቶሎ ታምናላችሁ፤ ይህ ያሳስበኛል። ያኔ ግን ሰዓቱ ደረሰ ብሎ የሚጮህ ስክሪን ቢኖረኝ ኖሮ ያ ሰው ባልተወቀሰ ነበር።

በወሩ ሥራውን ለቀቀ። ከዓመታት በኋላ ሳጠያይቅ ወደ ትውልድ ቀዬው መግባቱን ነገሩኝ። ቀዬውን አውቀው ነበር፤ አልሄድኩም።