ቁልፉ በማን እጅ ነው? ለጎንደር ወጣቶች

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር ስለ ከተማችን ስትወያዩ ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጬ ሳዳምጥ ነበር። አንዱ ተነሥቶ «ዋናው የአመለካከት ችግር ነው» ሲል ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁ። እኔ ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት ተስማምቼ ሳይሆን የምመልሰው ነገር በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ስላልነበረ ነው። አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ።

እኔ ሳኒታሪያን ነበርሁ። በጎንደርና በዙሪያዋ 38 ዓመት ቄራ ስመረምር፣ የጉድጓድ ውኃ በክሎሪን ሳክም፣ የምግብ ቤት ጓዳ ስፈትሽ ኖርሁ። መንግሥት ማለት ምን እንደሆነ ያስተማረኝ ይህ ሙያ ነው። አዋጅ ከአዲስ አበባ ወጥቶ በመጨረሻ የሚያርፈው ሰው ግቢ ውስጥ ነው፤ እኔም ውሎዬ እዚያ ነበር።

አንድ ግቢ ልንገራችሁ። አራዳ ገበያ አጠገብ 11 አባወራ የሚኖርበት የቀበሌ ቤት ነበር። መጸዳጃው ለሁሉም አንድ ነው። ክረምት ሲገባ ሞልቶ ወደ ግቢው ይፈስሳል፤ የጣራው ቆርቆሮ ግማሹ ተነቅሏል፤ በር ተብሎ የተንጠለጠለው ጆንያ ነው። የግቢው ሕፃናት ከተቅማጥ አይድኑም። እኔም ወጣት ነበርሁና ነዋሪውን ሰብስቤ ስለ ዝንብ፣ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ንጽሕና ገሠጽኋቸው። ጠላ ጠምቀው የሚያድሩ አንዲት እናት እስክጨርስ ታገሡኝና «ልጄ፣ እስኪ የእኔን ቤት ግባና እይ» አሉኝ። ገባሁ። ወለሉ በእበት ተለቅልቋል። ጋኖቹ በግራዋ ታጥበው በወይራ ታጥነዋል፤ ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። መሶቡ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ይዟል። ለእኚህ ሴት ስለ አመለካከት ምን ልበላቸው? ከደጃፋቸው እስከ መጸዳጃው 15 እርምጃ አይሞላም። በ15 እርምጃ ውስጥ የሴትዮዋ ጠባይ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ባለቤቱ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአዋጅ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ይህን አዋጅ በደፈናው ከሚረግሙት ጋር አልተባበርም። በአከራዩ ፊት አንገቱን ሲደፋ የኖረ ደሀ ያን ዓመት ቀና ብሎ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ኪራዩ ባለበት ሲቆም የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ አልቆመም። ቀበሌው በዚያ ገንዘብ ጣራ ላድስ ቢል አይበቃውም። ተከራዩ ደግሞ የእኔ ነው በማይለው ቤት ላይ ጥሪቱን አያፈስም። እንዲህ ሆኖ የከተማችን ቤት የሚጠይቅለት ሰው አጥቶ አረጀ።

በሁለተኛው ዓመት ስብከቱን ትቼ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት መመላለስ ጀመርሁ። የጠየቅሁት ገንዘብ አልነበረም፤ ነዋሪዎቹ ራሳቸው አዋጥተው እንዲያድሱና የመጸዳጃው ኃላፊነት የእነርሱ እንዲሆን የሚፈቅድ ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ለማግኘት ስድስት ወር ፈጀብኝ። ከተገኘ በኋላ ግን ጉድጓዱ ተመጠጠ፣ በር ተገጠመ፣ 11 ቁልፍ ተቀረጸ። መዋጮው የሚመዘገብበት ደብተር ባለ ጠላዋ እናት ዘንድ ተቀመጠ። እርሳቸው መጻፍ ስለማይችሉ አራተኛ ክፍል የነበረች ልጃቸው ትጽፍላቸው ነበር።

ይህ በደርግ ዘመን ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። የከተማችንን ሰፈሮች የቀረጸው ከጥንትም ውሳኔ ነው። በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ በጉባኤ ተወሰነ፤ የአዲስ ዓለም ሰፈር ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሙስሊሞች ርስትም ይከለከሉ ነበር፤ ርስት የተከለከለ ሰው ምን ሠርቶ ይደር? ይነግዳል፣ ይሸምናል። ወደ ምጽዋና ወደ መተማ የሚወርደው የሲራራ ንግድ በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ የገባው ሌላው በር ስለተዘጋባቸው ነው። ቤተ እስራኤላውያንም እንዲሁ ርስታቸውን ሲያጡ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ግንብ ገነቡ። ከዚያም ሕዝቡ ሙያውን ናቀ። ማረሻውን የሠራለትን ሰው ገበሬው «ቡዳ» ብሎ ሸሸው። የእኔ አያት ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባት ከነበረችው ከጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ በመጣ እንስራ ውኃ እየቀዳች፣ እንስራውን ከሠራችው ሴት ጋር ቡና አትጠጣም ነበር። ይህን ስጽፍ ያመኛል። ባህል የምንለው ብዙው ነገር ሥሩ ሲቆፈር መሬት ለማን ይሰጥ፣ ለማን ይከልከል የሚል የቆየ ውሳኔ ይገኝበታል።

ንግዱም እንደዚሁ ነው። በደርግ ዘመን ገበሬው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በወሰነው ዋጋ የኮታ እህል ያስረክብ ነበር፤ በየመንገዱም ኬላ ነበረ። አክስቴ ከደምቢያ ጤፍ ስታመጣ ፍራሽ ውስጥ ሰፍታ ትጭነው ነበር። አንድ ቀን ኬላ ላይ ፍራሹ በሳንጃ ተቀደደና ጤፉ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። በነጠላዋ እያፈሰች ስታለቅስ አጠገቧ ቆሜ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የኮታ ግዢው ሲቀር ያቺው አክስቴ በዚያው መንገድ፣ ያንኑ ጤፍ ጭና ስትመጣ «ነጋዴ» ተባለች። ጤፉ አልተለወጠም፤ እርሷም አልተለወጠችም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ሲጀምርም በሰሊጥ ላይ ተመሳሳይ ነገር አይተናል፤ ደላላው በጆሮ ሹክ ይለው የነበረውን ዋጋ አምራቹ በአደባባይ የሚያይበት ሥርዓት መጣ፤ ከእርሱም ጋር ሌላ ዓይነት ቅሬታ መጣ። ለሁሉም የሚመች ደንብ በዕድሜዬ አላየሁም።

የተሳካውንም ልንገራችሁ። በ1945 ዓ.ም. አካባቢ ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ፈጀው። ከዚያ ለቅሶ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛው እዚሁ ጎንደር ተከፈተ፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ከእርሱ ያደገ ነው። ያ ትምህርት ቤት የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን እንደ አንድ ቡድን አሠልጥኖ በሽታው ወዳለበት ይልክ ነበር። እያንዳንዳችን ሥራችንን፣ አለቃችንንና የምንጠየቅበትን ሪፖርት እናውቃለን። ከእናንተ የተሻልን ሰዎች አልነበርንም።

የውኃውን ነገር እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ጀሪካን ይዛችሁ ተሰልፋችኋል። ከተማችን ውኃ የምታገኝበት የአንገረብ ግድብ ደለል የሚመጣው ከላይ ካለው ተዳፋት ነው። ከላይ የሚያርሰው ገበሬ ውኃውን አይጠጣውም፤ የሚጠጣው ከተሜ ተዳፋቱን አያዝበትም። ሁለቱን የሚያገናኝ፣ ገበሬውን ለእርከኑ የሚክስ፣ ከተሜውን የሚያስከፍል ጠንካራ አካል ካልተፈጠረ ደለሉ መምጣቱን አያቆምም።

ሰላም ስለራቀ የሆነውንም አልዘለውም። መንገድ ሲዘጋ የግንቡ አስጎብኚ፣ የሆቴሉ አስተናጋጅ፣ የወለቃ ሸክላ ሻጭ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሥራ ፈት ይሆናሉ። «ፖለቲካ አያገባኝም» የሚል ወጣት ሲያጋጥመኝ የሚያዝንለት ሆዴ ነው፤ ፖለቲካው ቀድሞ ገብቶበታልና።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ «ሕዝባችን እንዲህ ነው» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ ውሳኔው የማን ነው? ገንዘቡ በማን እጅ ነው? ሲበላሽ የሚጠየቀው ማን ነው? ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛም ይታተማል፤ ከዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ጋር ታግላችሁ አንብቡት። የቀበሌ ስብሰባ አሰልቺ ነው፤ ሂዱ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ልሁን በሉ። የጻፈ ሰው የተባለውን ያውቃል። አንድ ቀን ወንበር ላይ ስትቀመጡ ደግሞ ፋይሉን ለተተኪያችሁ አደራጅታችሁ አስረክቡ። እኔ የወረስሁት ቢሮ ቁልፉ የጠፋ አንድ ሣጥን ብቻ ነበረው።

ጥምቀት ሲደርስ ምን እንደምታደርጉ አያለሁ። ታቦቱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ መንገዱን ጠርጋችሁ፣ ምንጣፉን ከኋላ ጠቅልላችሁ ወደ ፊት እየሮጣችሁ ታነጥፋላችሁ፤ ማንም ማንንም አይቆጣም። ሥራው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። «የአመለካከት ችግር አለባቸው» የተባላችሁት እናንተው ናችሁ።

አራዳ አጠገብ ወዳለው ግቢ ባለፈው ጥቅምት ሄጄ ነበር። ባለ ጠላዋ እናት አርፈዋል፤ ቤታቸው ውስጥ ሌላ ቤተሰብ ይኖራል። የመጸዳጃው በር ተቀይሮ የብረት ሆኗል። ስለ ደብተሩ ስጠይቅ አንዲት ወጣት ከምስማር ላይ አውርዳ ሰጠችኝ። አምስተኛው ደብተር ነው አለችኝ፤ የመስከረምን መዋጮ ያልከፈለ የአንድ ሰው ስም በቀይ ተሰምሮበታል።