የቱ ቡድን ይዘጋ? ለምትሉ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት ስፖርት ማኔጅመንት የምትማር ልጅ ደወለችልኝ። እዚህ አሜሪካ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል ተለማማጅ ሆና ገብታለች። «ጋሼ፣ በጀቱ ካልበቃ መጀመሪያ የሚዘጋው የቱ ስፖርት ነው?» አለችኝ። ቀጥ ያለ ጥያቄ ነው። እኔ ግን መልሱን ትቼ ስለ አንድ የውኃ ዋና ቡድን ማውራት ጀመርኩ። ቆይታ «እሺ ጋሼ፣ ክፍል አለኝ» ብላ ዘጋችው። አልፈርድባትም። የቀረውን ግን እዚህ ልጨርሰው።

ያኔ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የበጀት ሠራተኛ ነበርኩ። ስሙ ይቅር። በዓመቱ የስፖርት ክፍሉ ጉድለት አመጣና አንድ ቡድን ይዘጋ ተባለ። ስብሰባ ላይ ኤክሴሉ ግድግዳው ላይ በራ። በየረድፉ አንድ ስፖርት፣ ከጎኑ ገቢና ወጪ። ፉትቦል (የአሜሪካኖቹ፣ በእጅ የሚያዘው) እና የወንዶች ቅርጫት ኳስ ገቢ አላቸው፤ የቀረው ሁሉ ቀይ፣ ኪሳራ ማለት ነው። ከቀዮቹ ደግሞ የወንዶች ዋና ጎልቶ ወጣ። የገንዳው ማሞቂያ፣ ክሎሪኑ፣ የሕይወት አድን ሠራተኞቹ ደሞዝ፣ ብቻ ግማሹ ወጪ በእሱ ስም ተመዝግቧል።

አሰልጣኙ ተጠራ። ከላይ ኮት ለብሷል፤ እግሩ ላይ ግን የገንዳ ዳር ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ነው የመጣው። ወረቀቱን ሰጡት። ረጋ ብሎ አነበበና «ገንዳውን ልትደፍኑት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ማንም አልመለሰለትም። ምን ብለው ይመልሱ? የሴቶቹ ቡድን ይቀጥላል። ማታ ማታ ተማሪው ሁሉ እዚያው ይዋኛል። ሁለቱንም ቡድን የሚያሠለጥነው ያው ሰውዬ ነው። ለውድድር ሲሄዱም የሚጫኑት በአንድ አውቶቡስ ነው። ወንዶቹ ቢቀሩ ትርፉ ባዶ ወንበር ነው። ማሞቂያው እንደሆነ ስንት ሰው እንደገባ አይቆጥርም።

ሁለተኛው ነገር የስኮላርሺፕ ሂሳብ ነው። ያኔ በኤንሲኤኤ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን በሚመራው ማኅበር ደንብ፣ አንድ የዲቪዥን ዋን (የከፍተኛው ምድብ) የወንዶች ዋና ቡድን መስጠት የሚችለው ቢበዛ የ9.9 ሰው ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር። አዎ፣ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ። አሰልጣኙ ያንን ቆራርሶ ለብዙ ልጆች ያከፋፍለዋል። የእኛ ክፍል ደግሞ ያንን እንኳ አይሞላም ነበር። ስለዚህ አብዛኛው ልጅ የትምህርት ክፍያውን የሚከፍለው ከቤተሰብ ኪስ ነው። እዚያ ዩኒቨርሲቲ የመጣውም ለገንዳው ሲል ነው። በስፖርት ክፍሉ መዝገብ «ወጪ» የተባለው ስኮላርሺፕ ደግሞ የሚከፈለው ለራሱ ለዩኒቨርሲቲው ነው። ልጆቹ ያመጡት ክፍያ የት ተጻፈ? ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ፎቅ፣ ሌላ መዝገብ ላይ። ከዚያ ቢሮ ስብሰባው ላይ የተገኘ ሰው አልነበረም። ማንም አልጠራቸውማ።

ቡድኑ ተዘጋ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ልጅ የዝውውር ቅጽ ይዞ ቢሮዬ መጣ። ወረቀቱ የሚፈረመው እኔ ጋ አልነበረም፤ ሰው በስህተት ልኮት ነው። ዓይኑ ዙሪያ የመነጽሩ ላስቲክ የተወው ቀይ ክብ ገና አልጠፋም። ቡድኑ እንደተዘጋ እያወቀ ያን ጠዋት ልምምድ ሠርቷል ማለት ነው። የትኛው ቢሮ እንደሚሄድ ነገርኩት፤ አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ። ከእሱ ጋር ሌሎችም ሄዱ፤ ክፍያቸውም አብሮ ሄደ። ያ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል።

ይህ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። ኮቪድ በመጣበት በ2020 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከ36 ስፖርቶቹ 11ዱን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከዓመት በታች ቆይቶ በሜይ 2021 ውሳኔውን ሰረዘው። የአላባማ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በ2014 መጨረሻ ራሱን ፉትቦልን ዘጋ፤ ቦውሊንግና ተኩስም አብረው ሄዱ። ከተማው ተነሣ፣ ገንዘብ ተዋጣ፣ በ2017 ፉትቦሉ ሜዳ ተመለሰ። በሉ እንግዲህ፣ «አቅም የለንም» ሲባል የማን አቅም እንደሆነ ጠይቁ።

የወንዶች ቡድን ሲዘጋ «ታይትል ናይን ነው ያዘጋን» የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። የ1972 ሕግ ነው፤ የፌዴራል ገንዘብ በሚያገኝ ትምህርት ቤት በጾታ ማዳላትን ይከለክላል። እኔ ያን ሰበብ አልገዛውም። ሕጉ ወንዶችን ቀንሱ አይልም። መቶ ሰው የሚይዝ ፉትቦል ሳይነካ ዋናተኛውና የነጻ ትግል ስፖርተኛው ሲቀነስ፣ የመረጠው ሕጉ ሳይሆን ኃላፊው ነው። በሌላ በኩል የሴቶችን ቡድን በችኮላ መዝጋትም ዋጋ ያስከፍላል። ብራውን ዩኒቨርሲቲ በ1991 ለሴቶች ጂምናስቲክና መረብ ኳስ የሚሰጠውን ገንዘብ አቋረጠ፤ ልጆቹ ከሰሱት። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ ያሸነፉት እነሱ ናቸው።

የዛሬ ልጆች ዳሽቦርድ ላይ ጎበዞች ናችሁ። እስከ ገንዳው ድረስ በእግር ሄዶ ማየት ግን ይከብዳችኋል። ይህን ስል ደግሞ ራሴን እሰማለሁ፤ በእኛ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት አልነበረም፤ ያም ሆኖ ገንዳውን ያየ ሰው የለም።

ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ብዙ ትልልቅ የፉትቦል ቡድኖች በሜዳቸው ሲጫወቱ እንኳ ዋዜማውን ሆቴል ያድራሉ። ዶርማቸው እዚያው ግቢ ውስጥ እያለ! መቀነስ ካለብኝ ከዚያ እጀምር ነበር። ልሞክር ያለ ሰው ግን ከፉትቦል አሰልጣኙ ጋር ይጣላል፤ ሥራውንም ሊያጣ ይችላል። ይህን ተለማማጅ ሆናችሁ አትሞክሩት።

አሁን ነገሩ ብሷል። ከ2025 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ያ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም። ትልቁ የፉትቦል ምድብ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ከ16 ስፖርት በታች መውረድ አይችልም እንጂ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ዓይን ውስጥ ገብቷል። የወንዶች ጂምናስቲክ ቡድን የቀራቸው ዩኒቨርሲቲዎች በጣት ይቆጠራሉ፤ ፓሪስ 2024 ላይ ለአሜሪካ የቡድን ነሐስ ያመጡት አምስቱም ልጆች ግን ከዚያው የዩኒቨርሲቲ ጂም የወጡ ናቸው።

እስካሁን ምንም አይዘጋ ያልኩ መስሏችሁ ይሆናል። አይደለም። መዘጋት ያለበት ቡድን አለ። አሰልጣኝ በየዓመቱ የሚለዋወጥበት፣ ሜዳው የሰው ኪራይ የሆነ፣ በአካባቢው ተጋጣሚ ጠፍቶ ለአንድ ጨዋታ አውሮፕላን የሚሳፈር ቡድን አይቻለሁ። እንዲህ ዓይነቱን ዓመት ከዓመት እያቆሰሉ ማቆየት ልጆቹን መበደል ነው። ስትዘጉ በመጸው ንገሯቸው፤ ሌላ ትምህርት ቤት የሚፈልጉበት ጊዜ ይኑራቸው። መቆየት ለሚፈልገው ስኮላርሺፑ እስኪመረቅ ይቀጥልለት። ለልጆቹም አሰልጣኙ በተገኘበት ፊት ለፊት ንገሩ፤ በኢሜይል አይሁን።