ለአንደኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች፦ ስለ ራስ ቅል አጠናን

ውድ ልጆቼ፣

የራስ ቅልን 22 አጥንቶች፣ ማለትም አንጎልን የሚያቅፉትን 8ቱንና ፊትን የሚሠሩትን 14ቱን፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው በቃላችሁ ለመያዝ ስትጣጣሩ አያለሁ። ስሞቹን ማወቅ ግድ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ዘመን ካስተማርሁና የተጎዳ ጭንቅላት ካከምሁ በኋላ የምመክራችሁ፣ አንድን አጥንት ስታነሡ አስቀድማችሁ ከየትኞቹ ጋር እንደሚዋሰን እንድትጠይቁ ነው።

ከጉንጭ አጥንት ቅስት በላይ ሁለት ጣት ያህል፣ ከዓይን ጥግ ጥቂት ወደ ኋላ፣ የግንባር፣ የፓራይታል (የአናትና የጎን)፣ የቴምፖራል (በጆሮ ዙሪያ ያለው) እና የስፌኖይድ (ከዓይን ጉድጓዶች በስተኋላ ያለው) አጥንቶች የሚገናኙበትን ስፍራ ፈልጉ። ቴሪዮን ይባላል። አጥንቱ በዚያ ስስ ነው፤ ከበስተውስጡም የአንጎልን ሽፋን የሚመግብ የደም ቧንቧ ያልፋል። ስለዚህ በዱላ ወይም በድንጋይ ጭንቅላቱን በጎን በኩል የተመታ ሰው ለጥቂት ሰዓት ደኅና መስሎ ሲነጋገር ቆይቶ፣ ደሙ በአጥንቱና በሽፋኑ መካከል ተጠራቅሞ አንጎሉን ሲጫነው በድንገት ራሱን ሊስት ይችላል። አራቱን ስሞች ለየብቻ የሸመደደ ተማሪ ይህን አደጋ አያየውም።

በሕፃን ላይ ደግሞ መጋጠሚያዎቹ ገና ክፍት ናቸው። እናቶቻችን ቅቤ የሚያኖሩባት እርግብግቢት ሁለቱ ፓራይታሎች ከግንባር አጥንት ጋር የሚገናኙባት ክፍተት ስትሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ትዘጋለች፤ ክፍተቶቹ በወሊድ ጊዜ አጥንቶቹ እንዲደራረቡ፣ ከዚያም አንጎል እንዲያድግ ቦታ ይሰጣሉ። ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ቀና አድርጋችሁ ይዛችሁ ዳስሷት፦ መጎድጎዷ የፈሳሽ እጥረትን፣ መወጠሯ በውስጥ ያለ ግፊትን ሊያመለክት ይችላል።

ስፌኖይድን በመጨረሻ አጥኑት፤ አንጎልን ከሚያቅፉት ከሌሎቹ ሰባት አጥንቶች ሁሉ ጋር ስለሚዋሰን፣ እነርሱን ሳያውቁ እርሱን መረዳት ከንቱ ድካም ነው። የፕላስቲክ ሞዴል አጥንቶቹን በቀለም ስለሚለይ ለጀማሪ ይረዳል፤ ሆኖም በእውነተኛው ቅል ላይ ስፌቶቹ፣ ማለትም የአጥንቶቹ መጋጠሚያዎች፣ እርስ በርስ የተቆላለፉ፣ በአረጋውያን ላይም አንዳንዶቹ ፈጽሞ የጠፉ መሆናቸውን እዩ። ቅሉን ስታነሡ በሁለት እጅ ከሥሩ ደግፉት፤ በዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጣት አታስገቡ፤ የእንባ አጥንትና በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው የኢትሞይድ አጥንት ስስ ግድግዳ በቀላሉ ይሰበራሉ።