በኮምፒዩተር ሣጥን ውስጥ ስለሚገጠም የጌጥ መብራት፦ ጥያቄና መልስ

ከደብረ ብርሃን፦ «የገዛሁት የኤልኢዲ ስትሪፕ (ትናንሽ አምፖሎች የተደረደሩበት ጥብጣብ) ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ማዘርቦርዴ (የኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያገኘሁት ግን አራት ፒን (የመሰኪያ እግር) ነው። አንዱን ፒን በፒንሳ አጥፌ ብሰካው ችግር አለው?»

አለው፤ እንዳይሞክሩት። ባለአራት ፒኑ 12 ቮልት የሚሰጥ ሲሆን ስትሪፑን በሙሉ በአንድ ቀለም ያበራል። ባለሦስቱ ግን በ5 ቮልት የሚሠራ ነው፤ በእያንዳንዱ አምፖል ውስጥ ትንሽ ቺፕ ስላለ አምፖሎቹ በየራሳቸው ቀለም እንዲበሩ ሊታዘዙ ይችላሉ። ለ5 ቮልት የተሠራ ቺፕ 12 ቮልት ሲደርሰው ወዲያው ይቃጠላል። በማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ ባለሦስት ፒን ቦታ መኖሩን ይፈልጉ፤ ከሌለ ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒዩተሩ ክፍሎች ኃይል ከሚያድለው ክፍል) የሳታ ኮኔክተር (ለሃርድ ዲስክ ኃይል ከሚሰጠው ጠፍጣፋ መሰኪያ) ኃይል የሚወስድ የ5 ቮልት ኮንትሮለር (የመብራት መቆጣጠሪያ) መግዛት ይሻላል።

ከሸዋ ሮቢት፦ «ሁለት ሜትር ስትሪፕ በአንድ ቦታ ላይ ቢቀጠል ማዘርቦርዱ ይችለዋል? ማጣበቂያውስ በሙቀት ለምን ይለቃል?»

የሚወሰነው በስትሪፑ ዓይነት ነው። በአንድ ሜትር 60 አምፖል ያለው የተለመደው የ12 ቮልት ስትሪፕ በሙሉ ድምቀት 14.4 ዋት ገደማ፣ ማለትም 1.2 አምፔር ይወስዳል፤ ሁለት ሜትሩ 2.4 አምፔር ነው፤ ብዙ ማዘርቦርዶች ደግሞ እስከ 3 አምፔር ይፈቅዳሉ። በ5 ቮልቱ ግን ስሌቱ ይለወጣል፤ አንዱ አምፖል ነጭ ሆኖ ሲበራ እስከ 60 ሚሊአምፔር ስለሚወስድ 60ው ብቻ 3.6 አምፔር ይደርሳል፤ አንድ ሜትር እንኳ ከልክ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ድምቀቱን ይቀንሱ፣ ወይም ኃይሉን በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ ይውሰዱ፤ የማዘርቦርድዎን ልክ ግን አስቀድመው ከመመሪያው ያረጋግጡ። ማጣበቂያውን በተመለከተ፣ እናንተ ዘንድ ሙቀቱ ያላላዋል፤ እኛ ደብረ ብርሃን ደግሞ በማለዳው ብርድ መጀመሪያውኑ አልይዝ ይላል። ብረቱን በአልኮል ጠርገው ከለጠፉ በኋላ በፕላስቲክ ማሰሪያ ያጠናክሩት፤ ተላቅቆ ፋን ውስጥ የገባ ስትሪፕ ከጠፋ መብራት የባሰ ጣጣ አለው።

ከመሐል ሜዳ፦ «የስትሪፑን ሽቦ ከፓወር ሰፕላዩ ትልቅ ባለአራት ቀዳዳ ኮኔክተር ጋር ጠምዝዤ በቁስል ፕላስተር ጠቀለልሁት። መብራቱ በርቷል፤ ይበቃል?»

መብራቱ ስለበራ ብቻ ሥራው ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ እኔም በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዚያ ኮኔክተር ላይ ቢጫው ሽቦ 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ ሁለቱ ጥቁሮች ደግሞ የጋራ መመለሻ ናቸው፤ ሁሉም ሽቦ ጥቁር በሆነበት ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን በቴስተር ሳይለኩ መቀጠል አይገባም። ጥቁሩ ሽቦና የሣጥኑ ብረት በኤሌክትሪክ ረገድ አንድ ናቸው። ስለዚህ የተላጠ ቢጫ ሽቦ ብረቱን ከነካ ሾርት ይፈጠራል። ብዙዎች «ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ይጠፋል» ይላሉ፤ ይህ ግን ሁልጊዜ አያድንም፤ ምክንያቱም የ12 ቮልቱ መስመር 30 አምፔርና ከዚያ በላይ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ሁለት ወይም ሦስት አምፔር ብቻ የሚሸከመው የስትሪፑ ቀጭን ሽቦ፣ የፓወር ሰፕላዩ መከላከያ ችግሩን ሳያውቀው ግሎ ሽፋኑ ሊቀልጥ ይችላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ከኮኔክተሩ አጠገብ በቢጫው ሽቦ ላይ ለስትሪፑ ልክ የሚሆን ፊውዝ፣ ለአንድ ሜትር ባለ2 አምፔሩን ያስገቡ። መገጣጠሚያውን በሊድ በይደው በሙቀት የሚጠብብ የፕላስቲክ ቱቦ ያልብሱት። ናስትሮ ከቁስል ፕላስተር እጅግ ይሻላል፤ ነገር ግን በሙቀት ሙጫው ስለሚላላ የመጨረሻው ምርጫ ይሁን። ስትሪፑ ሲቆረጥ በተመለከተው መስመር ላይ ይቁረጡት፤ የተጋለጠው የመዳብ ጫፍም ይሸፈን።

ከደብረ ሲና፦ «መብራቱን ካስገጠምሁ ወዲህ ሣጥኑን ስነካ እጄን ይነዝረኛል። ስትሪፑ ነው ወይ?»

አይመስለኝም፤ 12 ቮልት በደረቅ እጅ አይሰማም። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚያጣሩ ትናንሽ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ክፍሎች) ከሶኬቱ የሚመጡትን ሁለቱን መስመሮች ከሣጥኑ ብረት ጋር ያገናኛሉ፤ የሶኬቱ የመሬት መስመር ከሌለ ብረቱ በ220 ቮልት ግማሽ፣ በ110 ቮልት ገደማ ይንሳፈፋል። የሚያልፈው ጅረት እጅግ ትንሽ በመሆኑ ይነዝራል እንጂ ብዙውን ጊዜ ጉዳት አያደርስም። የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው፦ አንድ ቀን የውስጥ ሽፋን ቢበላሽ 220ው ቮልት ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ አይኖርም፤ መንገዱ እርስዎ ይሆናሉ። ምናልባት መብራቱን ሲገጥሙ ስፒናውን ወደ ሌላ ዲቫይደር አዛውረው ይሆናል፤ መጀመሪያ ያንን ይመልከቱ። ሦስተኛው እግሩ የተሰበረ ስፒና ወይም ባለሁለት ቀዳዳ መቀየሪያ ካለ ያስወግዱት፤ የመሬት መስመሩን ባለሙያ በዘንግ ያስተክልልዎ። የመሬቱን ሽቦ ከኒውትራል (ከሶኬቱ የመመለሻ መስመር) ጋር በራስዎ ማገናኘት ግን ነገሩን ያባብሰዋል።

ከዓለም ከተማ፦ «ፓወር ሰፕላዩን ፈትቼ ከውስጥ መስመር ባወጣስ?»

አይፍቱት። በውስጡ ያሉት ትላልቅ ካፓሲተሮች ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም 300 ቮልት አካባቢ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ለመብራትዎ የሚያስፈልገው 12 ቮልት ደግሞ በውጭ በኩል ባሉት ኮኔክተሮች ላይ ይገኛል።